የደሳለ ቀኝ እግር

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ነው። የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን በዚያ ዓመት ያደረጋቸው ጨዋታዎች ከመጨረሻው በቀር ተጽፈውበታል፤ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ የማን ቁርጭምጭሚት እንደዞረ፣ ንፋሱ ከየት ወዴት ይነፍስ እንደነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች ግን ስለ ጨዋታ አይደሉም። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ከሰዓት ድረስ የአንድ ሰው እግር ምን እንደሆነ ነው የሚናገሩት። ሁሉንም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ስጽፈው ግን አልገባኝም ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተማሪ አልነበርኩም። ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ክፍል እጠብቅ ነበር። ኳስ እነፋለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ፣ ማሊያ አጥቤ በቁጥሩ ተራ አሰጣለሁ። ሰባት ቁጥር ከስምንት በኋላ ተሰጥቶ ካየሁ ተመልሼ ሳላስተካክል አልሄድም። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። በቡድኑ ውስጥ ስሜን የሚያውቀው ሦስት ሰው ቢሆን ነው።

አጎቴ አያ ካሴ ከአሸተን ማርያም በታች የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ወጌሻም ናቸው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ይመጣላቸዋል። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ስለማሳልፍ እጃቸውን እያየሁ አደግኩ። ሲዳስሱ፣ ሲስቡ፣ የቀርከሃ ስንጥር ሲደረድሩ፣ በጨርቅ ሲጠቀልሉ አያለሁ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ከማጥበቃቸው በፊት ትንሿን ጣታቸውን በጨርቁ ሥር ሰደድ አድርገው ያወጣሉ። እንደ ማማተብ ያለ ልማድ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ዕለት ጀንበር ሳትጠልቅ ደግሞ ታማሚው ወዳረፈበት ቤት ይመለሳሉ። ጠላ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ አልወድም ነበር። ያየሁትን ለብቻዬ በታረደ ፍየል እግር ላይ እሞክራለሁ። ኋላ ከገበያ ስለ ሰውነት ክፍሎች የሚያስረዳ አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁና የአጥንቶቹን ስም አንድ በአንድ በቃሌ ያዝኩ።

የዓመቱ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ በረኛችን ሰይድ ጣቱ ከመገጣጠሚያው ወለቀ። ሁሉም ከቦ ይንጫጫል። እኔ ማሊያ የያዝኩበትን ከረጢት አስቀምጬ ገባሁ፤ ጣቱን ይዤ ሳብ አደረግኩና መለስኩት። ሰይድ የቆቦ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ወላሂ ይሄ ልጅ እጅ አለው!» ብሎ ጮኸ። «እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ወጌሻ» ሆነ። ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ወለምታ የያዘው፣ ጅማቱ የተሳበበት ሁሉ ይሰለፍ ጀመር። እኔም የቀርከሃ ስንጥር አለስልሼ፣ ጨርቅ በእኩል ስፋት ቀድጄ በቦርሳዬ መያዝ ጀመርኩ። ቡድኑ ያሸንፋል፤ እኔም ሰው ሆንኩ። በዚያ ዓመት የሆነው ይኸው ነው።

ደሳለ አጥቂያችን ነበር። የቅየሳ ተማሪ ነው፤ ቀያሽ ለመሆን በላስታ ተራራ ላይ እግር ዋናው መሣሪያ ነው ይል ነበር። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ አስር ጎል አግብቷል፤ ስምንቱን በቀኝ እግሩ። ሁልጊዜ ከጨዋታ በኋላ ይመጣና «አንተዋ፣ የዛሬዋን ስንተኛ ደቂቃ ብለህ ጻፍካት?» ይለኛል። ደቂቃውን ስነግረው «አንድ ደቂቃ ሰረቅከኝ» ብሎ ይስቃል። ከሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ዝም ማለት የሚችል እሱ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ወገል ጤና ላይ ነበር። ዓርብ ሄደን አደርን። ከሰዓት ንፋሱ ኳስ ስለማያስይዝ ጨዋታው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀመረ። ደሳለ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ አገባ። አስራ አንደኛው ጎሉ ነው። ከዕረፍት መልስ፣ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንዲት ረጅም ኳስ ተከትሎ ሮጠ። የእነሱም በረኛ ወጣ። ሜዳው በዝናብ ጊዜ ከብት የረገጠው፣ በኋላ የደረቀ ጭቃ ነው። የደሳለ ቀኝ እግር ከአንዱ ጉድባ ገባ፤ በረኛውም መቆም አቅቶት ላዩ ላይ ወደቀ። የማንም ጥፋት አልነበረም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተቀያሪ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ስደርስ ደሳለ ሣር ነክሷል። ከጉልበቱ በታች ዳሰስኩት። ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም። የሜዳው ባለቤቶች ባጃጅ ጠሩ። በረኛቸው እያለቀሰ «ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ» ይላል።

«ሐኪም ቤት አልሄድም!» አለ ደሳለ። «የአክስቴ ልጅ በሁለት እግሩ ገብቶ በአንድ ነው የወጣው። ይቆርጡኛል!»

«ዝም በል እንጂ፣ ማን ይቆርጥሃል?» አለው አሰልጣኛችን መምህር ጌታነህ።

ደሳለ የእኔን እጅጌ ያዘ። «አንተው እሰረኝ። አንተ ታውቅበታለህ። ሌላ ሰው እንዳይነካኝ።»

አሰርኩት። አጥንቱን ስቤ አቀናሁ፤ ስድስት የቀርከሃ ስንጥር በእኩል ርቀት ደረደርኩ፤ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ሥር ጠቀለልኩ። አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ፣ አንድም ሽብሽብ ሳይኖረው። እንዲያ አሳምሬ አስሬ አላውቅም። ሰይድ እንኳ ከጎሉ እየተንጠራራ አይቶ «ልብስ ሰፊ ነው የሚመስለው!» ብሎ ጮኸ። ቋጠሮውን ያለኝን ኃይል ሁሉ አድርጌ አጠበቅኩት። ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ፍጻሜ ገባን፤ ፍጻሜው ደግሞ በሳምንቱ እዚሁ ላሊበላ፣ በራሳችን ሜዳ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተነሳን። የኋላውን ወንበር ለደሳለ ለቀቅንለት፤ እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ።

ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ ደሳለ «አንተዋ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ» አለኝ። ጻፍኩት።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ጋሸና ልንደርስ ስንል፣ «እግሬ ይነድዳል። እሳት ውስጥ ያለ ነው የሚመስለኝ። ትንሽ ላላ አድርግልኝ» አለ። ይህንንም ጻፍኩ።

«አጥንት ሲገጥም ነው እንዲህ የሚያመው» አልኩት። «አሁን ላላ ካደረግኩት ዞሮ ይጠናል፤ ቀያሽ መሆንህ ይቀራል።»

«ስንተኛው ቀን ነው የሚፈታው?»

«በሰባተኛው።»

«ሰባት ቀን ይሄን ልችል?» አለና ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደገፈ። ላቡ መስታወቱ ላይ ምልክት ትቶ ነበር። ጋሸና ላይ ሻይ ስንጠጣ እሱ ከመኪናው አልወረደም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ላሊበላ ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መምህር ጌታነህ ሾፌሩን አስቆሙት። ዘፈኑ ቆመ። መምህሩ ከፊት ወንበር ተነስተው ወደ ኋላ ዞሩ። በስፖርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜም በዕውቀትም ይበልጣሉ።

«ልቤ አላረፈም» አሉ። «ይሄው በሩ። እናስገባው ወይስ ይቅር? ወጌሻ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህች ላይ እንድትቆዩልኝ እፈልጋለሁ። አስራ ስምንት ሰው ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ አስራ ስምንት ሰው የእኔን አፍ ጠብቆ አያውቅም። ደሳለ አይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን «እምቢ በል» በሚል ይነቀንቃል። የመኪናው በር ተከፍቷል። ከበሩ እስከ ሆስፒታሉ መግቢያ አርባ እርምጃ አይሞላም፤ ኋላ ለክቼዋለሁ። በውስጤ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ ጣቶቹ ስለመደንዘዛቸው መጽሐፉ ውስጥ የሆነ ቦታ ያነበብኩ መሰለኝ። ግን የቱ ገጽ እንደሆነ አላስታወስኩም። አላውቅም ማለት ደግሞ ወደ ማሊያ ማጠቡ መመለስ መሰለኝ።

«አያስፈልግም» አልኩ። «በደንብ ታስሯል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አቦ ተዉት፣ ወጌሻችን ካለ አለ ነው!» አለ ሰይድ። ልጆቹ አጨበጨቡ። በሩ ተዘጋ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደሳለና ሰይድ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ቤት ሄድኩ። ደሳለ አልተኛም። የእግሩን ጣቶች ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ቀለማቸው አመድ መስሏል። «ጣቶች፦ ቀዝቃዛ፤ አመድማ» ብዬ ጻፍኩ። ሙቀቱ ወጣለት ብዬ ደስ አለኝ። ሰይድ ግን ወደ ውጭ ጎትቶ አወጣኝ።

«ወንድሜዋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትራሱን ነክሶ ነው ያደረ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን እንዲህ ነው እንዴ የሚያመው?»

«እንዲህ ነው።»

«ወላሂ በል።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እሱማ ነህ» አለ፤ ሳይስቅ።

አስር ሰዓት ላይ ስመለስ ቤቱ ሞልቷል። መምህር ጌታነህ ብርቱካን ይዘው መጥተዋል፤ ልጆቹ ስለ ፍጻሜው ያወራሉ። ደሳለ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ነጥቷል፤ ግን ፈገግ አለ።

«ተወኝ» አለኝ። «ሕመሙ ተወኝ። ምንም አይሰማኝም።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። መምህሩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ትናንት ተጠራጥሬህ ነበር፣ ይቅርታ» አሉኝ። «አስር ሰዓት፦ ሕመም ቆመ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ጣቶቹን ግን አልነካኋቸውም። ብርድ ልብስ ለብሰው ነበር። ወደ ቤቴ ስሄድ እያፏጨሁ ነበር፤ እኔ አላፏጭም።

ሰኞ ጠዋት ገና አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰይድ በሬን ደበደበ። ጫማውን አላጠለቀም።

«ይሸታል» አለኝ። «እግሩ ይሸታል። ጣቶቹ ጠቁረዋል።»

ሄጄ አየሁ። ወደ ሆስፒታል በመውሰድ ፈንታ ምን እንዳደረግኩ ስነግራችሁ አሁንም ያሳፍረኛል። ወደ አሸተን ሮጥኩ። አያ ካሴ ያድኑታል፣ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ ብዬ ዳገቱን ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው፤ ድንጋይ ይለቅማሉ። እየተንተፋተፍኩ ነገርኳቸው። አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አነሱና ትንሿን ጣታቸውን አሳዩኝ።

«ይቺ ገብታ ነበር?»

«እ?»

«ስታስር፣ ይቺ ጣት ከጨርቁ ሥር ገብታ ወጥታ ነበር ወይ?»

የገዛ ትንሿን ጣቴን አየሁ።

«ሲመሽስ ሄደህ ጣቶቹን ዳሰስክ? ሞቀው ነበር? ቀይ ነበሩ?»

«እርስዎ እኮ… ጠላ ሊጠጡ ይመስለኝ ነበር» አልኳቸው።

አያ ካሴ ድንጋዩን ጣሉት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ደም መሄጃ ይፈልጋል፣ ልጄ። እኔ እኮ የቀዘቀዘ ጣት ያየሁ እንደሆነ እፈታለሁ፤ ፈትቼም ካልሞቀ ወደ ሐኪም ነው የምሰደው። ለምን አልጠየቅከኝም? አስራ አንድ ክረምት ከጎኔ ቆመህ ለምን አንድ ቀን አልጠየቅከኝም?» ከዚያ ጮኹ። «ምን ትገተርብኛለህ! ስልክ ይዘህ የለም? ደውል! ይፍቱትና ሐኪም ቤት ያስገቡት!»

ደወልኩ። ሰይድ አነሳ። «ገብተናል» አለኝ። «አንተን ብንጠብቅ ኖሮ… ተወው። ገብተናል።»

ስደርስ ዶክተሯ ጨርቁን ቆርጣ ጨርሳለች። ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ከታሰረበት በታች ያለው እግር የሰው እግር አይመስልም ነበር። አልገልጸውም።

«መደንዘዝ የጀመረው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰይድ እኔን አየ። ደብተሬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ስብራት። አራት ሰዓት ከአርባ፣ ታሰረ። ሰባት ሰዓት ከአስር፣ ጣቶች ደነዘዙ። ስምንት ተኩል፣ የማቃጠል ሕመም፣ ይላላልኝ አለ። እሑድ አንድ ተኩል፣ ጣቶች ቀዝቃዛ፣ አመድማ። አስር ሰዓት፣ ሕመም ቆመ።»

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ሦስቱንም ገጽ ቆማ አነበበች።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ። «እንዲህ አድርጎ የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ቅዳሜ ይዘኸው ብትገባ ኖሮ ሰባት ሰዓት ከአስር የሚለውን አንብቤ ጨርቁን እበጥሰው ነበር። እሑድ ሕመሙ ቆመ ያልከው ድኖ አይደለም፤ እግሩ ሞቶ ነው።»

በዚያው ቀን በአምቡላንስ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተላከ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ማክሰኞ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ረቡዕ መጥተው ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። ማን እንዳሰረው አልሰሙም ነበር። ትከሻዬን ሳሙኝ። «ልጄን በችግሩ ቀን ያልተለየኸው አንተ ነህ አሉኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ሐሙስ ጠዋት ነገርኳቸው። «ሂድ፣ ዓይኔ አይይህ» አሉ። ሄድኩ።

ፍጻሜው ቅዳሜ ተደረገ። ደሳለ ተጫወቱ ብሎ ስለላከ ነው የተጫወቱት። አንድ ለአንድ ወጡና በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። የመጀመሪያውን ምት ሁልጊዜ የሚመታው ደሳለ ነበር። እኔ ሜዳ አልሄድኩም፤ ይህን የነገረኝ ሰይድ ነው። በደብተሬ ውስጥ የዚያ ጨዋታ ገጽ የለም። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ምንም አልጻፍኩበትም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወጌሻን ሁሉ እንድትጠሉ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። አያ ካሴ ዛሬም ያስራሉ፤ ጣታቸው ዛሬም ትገባለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም እግር አላሰርኩም። ስብራት ይዘው ዕቃ ክፍሉ ድረስ የመጡትን ይዤ እስከዚያ በር እሄዳለሁ፤ አርባዋን እርምጃ አብሬያቸው እራመዳለሁ። ሰዎች «ልኩን ብታውቅ ኖሮ» ይሉኛል። እኔ ልኩን አውቅ ነበር፤ ደቂቃውን ሳይቀር። ከአፌ መውጣት የነበረበት «አላውቅም» የሚል አንድ ቃል ነው፤ እሱን ለማውጣት ድፍረት አጣሁ። የሚጠየቅ ሰው ለመሆን ጓጉቼ፣ የሚጠይቅ ሰው ሳልሆን ቀረሁ።

ደሳለ በቀጣዩ ዓመት ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ቅየሳን ትቶ ልብስ ስፌት ገባ። ዛሬ ከገበያው በላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ይሰፋል፤ የስፌት መኪናዋን በግራ እግሩ ብቻ ይረግጣል። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ሳላልፍ ዞሬ እሄድ ነበር። በመጨረሻ ባለፈው መስከረም የሱሪ ጨርቅ ገዝቼ ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ መኪናዋን አቆመ።

«አንተዋ፣ ዘገየህ» አለ። «ስንት ደቂቃ ነው የዘገየኸው? ጽፈኸው የለም?»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ ከሆነ የመጣኸው፣ ገና አላልኩም። ሱሪ ከሆነ ግን ቁም።»

ክራንቹን ደግፎ ተነሳ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ወገቤን ለካ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀኝ እግሬን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካ። ጨረሰ ብዬ ልንቀሳቀስ ስል ያዘኝ።

«ቁም። ሌላውን ሰው አንድ እግሩን ብቻ ነው የምለካው። አንተን ሁለቱንም ነው። ደብተርህን ይዘሃል?»

ይዤዋለሁ።

«አውጣ።»

አወጣሁ። ባዶ ገጽ ገለጥኩ።

«ቀኝ፣ ዘጠና ስምንት» አለ።

ጻፍኩ።

ሜትሩን በግራ እግሬ ላይ ዘረጋ።

«ግራ፣ ዘጠና ስምንት።»

ጻፍኩ።